አውራ ጣት

ውርጭ ያደረበትን ጆንያዬን ፈትቼ
ገብስ እሰፍራለሁ ፀሐይ ላይ ወጥቼ፤
መሃል ሜዳ ቅዳሜ።
ገብስ ማለት ጨው ነው፣ ላምባ ነው፣ ሳሙና፣
ሁሉም የሚወጣው ከዚች አንድ ቁና።

ቁናዋ የእናቴ ናት፣ ከንፈሯ የሳሳ፤
ከእሷው ጋር የወረስኩት አለ አንድ አበሳ፦
አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ጠለቅ ማድረግ በቀስታ፣
የእህሉን ቦታ ጣት እንዲይዝ ለአንድ አፍታ።
ማን ያያል? አንድ እፍኝ ናት። አሥር ቁና፣ አሥር እፍኝ።
ሌባ ነሽ ያለኝ የለም፤ እኔም ራሴን አላልኩኝ።

ጌታሰው ሰባት ዓመቱ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
በእኔ ባና ቁራጭ ትከሻውን ያሞቀ፣
ሚካኤል ግቢ ይውላል፣ ከዕቃ ቤቱ ጥግ፣
ነፋስ ከማይደርስበት፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በወግ።
የኔታ ወልደ ሐዋርያት የስንደዶ ጫፍ ይዘው
ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያደርሱታል፣ እንደ እንግዳ መርተው።

እትዬ ደብሪቱ ትስቃለች፦ «ምነው አንቺ ሰው!
ዘመኑ የእንግሊዝኛ ነው፤ ግዕዝ ምን ሊያበላው?
የኔ ልጅ ‹አፕል› ይላል ኬጂ ከገባ ወዲህ።»
(አፕል እሷም አላየች፣ ልጁም፣ እኔም እንዲሁ።)
መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር
የላክሁት ለነፍሱ አይደለም፣ ለእኔ እፎይታ ነበር፤
ገበያ ስውል ከእግሬ ሥር እንዳይል ብዬ ውር ውር።

«ዛሬ ምን ተማርክ?» ስለው አንድ ምሽት፣ «ቆሎ» አለኝ።
«ቆሎ?» ሳቄ አመለጠኝ።
«የኔታ አንድ ጣሳ ቆሎ ለአንዳችን ይሰጣሉ፤
‹ለሁሉም እኩል ስፈር፣ የራስህን መጨረሻ› ይላሉ።
ተራዬ ሲደርስ እፍኜን ጠበብ አደረግሁና
ለእኔ የተረፈው በዛ። አዩኝ፣ ዝም አሉና
‹ብላ ጌታሰው› አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝ።
ያ ቆሎ፣ እማዬ፣ አልወርድ ብሎ አነቀኝ።»

እኔ ኩራዜን አጥፍቼ ተኛሁ።
የተቆላ እህል አይበቅልም፤ መች ጠረጠርኩ ያኔ
እንደሚያጎነቁል ከደጄ፣ እንደሚደርስ እስከ እኔ።

በሳምንቱ የኔታ ለለቅሶ ሞላሌ ወረዱ፤
ልጄ ገበያ ዋለ፣ ከእኔ ጋር፣ በብርዱ።
ከቀያ የመጣች ሴት፣ ዘነበች፣ አህያዋን አስራ
«ስድስት ቁና» አለችኝ፣ ብሯን ከመቀነቷ ቆጥራ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። እጄ መንገዱን ያውቀዋል።
ጌታሰው ከጎኔ ሆኖ አብሮኝ ይቆጥራል።
አራተኛው ላይ ዝም አለ።
ቀና ስል፣ እህሉን አይደለም፤ እጄን ነው ያስተዋለ።
«እማዬ፣» አለ በጆሮዬ፣ አፉን በእጁ ጋርዶ፣
«አውራ ጣትሽ ሳታውቂው ከቁናዋ ገባ ወርዶ።»

ሳታውቂው!
እጄ ተነሣ ልመታው፣
ያችን ቃል በጥፊ መልሼ ላስውጠው።
ግን ‹ሳታውቂው› አለኝ እኮ፤ በር ትቶልኝ፣
እንድወጣበት ብሎ ክፍት አድርጎልኝ።
ማን አስተማረው ይህን፣ ሰው ሳያዋርዱ ማቅናት?
ያች ‹ብላ› ትሆን እንዴ፣ የየኔታ ዝምታ ናት?

አራቱንም ገለበጥኩ። «ቁጥሩ ተምታታብኝ» አልኳት፤
ይህችኑ ዋሸሁ ደግሞ፤ ሁሉ በአንድ ቀን አይቀናም፣ ምን ይደረግ፣ ዋሸኋት።
ከአንድ ጀመርኩ እንደገና፣ ጣቴን ከከንፈሯ ላይ አድርጌ።
ዘነበች ጆንያዋን መዘነች በእጇ፣ ቆመች ከግርጌ፤
«የዛሬው ከብዷል» አለች፣ መርቃኝ ሄደች ወዲያው።
የዚያን ሳምንት ወጣችን ጨው አጠረው።
ጌታሰው ግን በላ፣ ሳይጠይቅ ምን ጎደለው።

እትዬ ደብሪቱ ትናንት ጠየቀችኝ እንደገና፦
«ምን አተረፈ ልጅሽ?» ልመልስላት አልኩና
ገብስ ልትገዛ ነበር የመጣች፤ ሰፈርኩላት፣ አፍ እስከ አፉ፣ አንድ ቁና።
አላስተዋለችም።
ውጭ የዋለውን ጣቴን ግን
ውርጩ ይቆነጥጠዋል፣ እስከ ዛሬ ቀን።